አሥራ ሁለቱ ዲግሪ

ባለቤቴ በአርባ አራት ዓመቷ ማስተርሴን ልማር ብላ ስትነሳ ዘመድ አዝማድ ሁሉ የድርሻውን ተናገረ። እህቷ፣ በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር ወንበር መጋፋት ምን ይሉታል አለች። ወንድሜ ደግሞ እኔን ለብቻዬ ጎትቶ፣ ተምራ ተምራ መጨረሻዋ አንተኑ ማስተማር ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። ታስተምረኛ፣ አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሒሳብ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ የእኔ ወረፋ ቢደርስ ምን ነውር አለው?

እኔ ብረት አቅላጭ ነኝ። ማቅለጫ ቤታችን ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኝና በሣጥን ሠሪ መካከል ነው። ስድስት ሰዎች ነን። ዋናው ሥራችን በትላልቅ የውሃ ማፍያዎች ላይ የሚታሰር፣ ልቡ ቶሎ የሚቀልጥ ብረት የሆነ ቡሎን ነው። ማፍያው ከልኩ በላይ የጋለ እንደሆነ የቡሎኑ ልብ ቀልጦ ይፈስና እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፤ ማፍያው ሳይፈነዳ፣ ሰውም ሳይጎዳ ይቀራል። ይህን ልብ የምንሠራው ከሁለት ነገር ነው፤ ቢስሙዝ ከሚባል ከባድና ተሰባሪ ብረት፣ ከቆርቆሮም። ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን አይደለም። ነጩን፣ ለስላሳውን፣ ጆሮ አስጠግተው ሲያጥፉት ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው የሚንጫጫውን ነው።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን በመስማት ነው የለቀምኩት። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ሬዲዮ እሰማለሁ፤ ብረትም እሰማለሁ። መናገር ላይ ግን እጄ አጭር ነው፤ ለዚህ ነው የዚህ ታሪክ ጥፋትም በእኔ በኩል የመጣው። እሱን እደርስበታለሁ።

ለጥናትሽ ሁለት ብረት ምረጪ ሲሏት የእኔኑ ሁለት መረጠች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ቤት ያለውን ትቼ ገበያ ልውጣ እንዴ አለችኝ። ሥራዋ፣ ሁለቱ ብረቶች በምን ያህል መጠን ሲደባለቁ በየትኛው ሙቀት እንደሚቀልጡና በየትኛው እንደሚረጉ፣ እሳት ሳያነዱ በስሌት ብቻ አስቀድሞ ማወቅ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ወጡን ሳይቀምሱ ጨውን እንደማወቅ ሆኖ ታየኝ። አላመንኩም፤ አልተቃወምኩምም።

አንድ እሑድ ከጸሎት መልስ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጋ ወረቀት ዘረጋችና አስቀመጠችኝ። ቆርቆሮ ብቻውን በስንት ይቀልጣል አለችኝ። በሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት። ቢስሙዝስ? በሁለት መቶ ሰባ አንድ። ሲቀላቀሉስ? በልካቸው ከተቀላቀሉ መቶ አርባ አካባቢ ነው፤ የእኛ ቴርሞሜትር ያረጀ ስለሆነ እኛ የምንኖረው በ"አካባቢ" ነው አልኳት። ሁለት ግትሮች ተጋብተው ለስላሳ ቤት መሠረቱ ማለት ነው አልኩ ጨምሬ።

"የማንን ቤት ነው የምትለው?" አለች፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ አስረዳችኝ። ማንኛውም ነገር፣ አለች፣ ባለበት ሙቀት የሚቀለውን ኑሮ ነው የሚመርጠው። ቀልጦ መኖር የሚቀለው ከሆነ ይቀልጣል፣ ረግቶ መኖር የሚቀለው ከሆነ ይረጋል። የየኑሮውን ክብደት ለየመጠኑ አስልታ ስትስለው፣ አንዱ ኑሮ አንድ ጎድጓዳ ሣህን የመሰለ መስመር ይሆናል፤ የቀለጠው አንድ ሣህን፣ በቆርቆሮ በኩል የረጋው አንድ፣ በቢስሙዝ በኩል የረጋው ሌላ። ማስመሪያዋን አንስታ ከሥራቸው አስደገፈችው። ማስመሪያው ከታች ሁለት ሣህን በነካበት ቦታ፣ ሁለቱ ኑሮዎች በሰላም አብረው ይኖራሉ። ሙቀቱ ሲወርድ የቀለጠው ሣህን ከሌሎቹ አንጻር ሽቅብ ይወጣል፤ ማስመሪያውም ቦታውን ይቀይራል። በየሙቀቱ የነካበትን እየለቀመች በሌላ ወረቀት ላይ ስታያይዘው፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት የጣሪያ ክንፍ ወርዶ መካከል ላይ አሸንዳው ጋ እንደሚገናኝ ያለ ሥዕል ወጣ። አሸንዳው፣ አንዱ ማስመሪያ ሦስቱንም ሣህኖች በአንዴ የሚነካበት ሙቀት ነው። ከዚያ በታች የቀለጠ የሚባል ነገር የለም።

"መቶ ሠላሳ ዘጠኝ" አለች፣ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ፊቴን ስጠበስበት የኖርኩትን ነገር፣ ሴትየዋ በእርሳስና በማስመሪያ ከምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አወጣችው። ወደ ጓሮ ወጥቼ ትንሽ ቆሜ፣ ተመስገን ብዬ ተመለስኩ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። አማካሪዋ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ደንባቸው አንድ ነው፤ ተማሪ ያሰላውን በራሳቸው ቤተ ሙከራ ያስለኩታል። ሁለቱ ካልተስማሙ ተማሪው የትኛው እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ ማስረዳት አለበት። መጽሐፉም የሚለው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም። መጽሐፍማ እኔም አለኝ፤ እጅሽ ይመስክር ይላሉ።

ቤተ ሙከራው ለካ። መቶ ሃያ ሰባት አለ። ደገሙት፤ መቶ ሃያ ስድስት። ሠለሱት፤ መቶ ሃያ ስምንት። ቴርሞሜትሩ በፈላ ውሃ ተፈትሾ ልክ ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ንጹሕ ነው። ማቅለጫ ኩባያው አዲስ ነው። በዚያ ላይ አማካሪዋ በዓመቱ መጀመሪያ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጠረጴዛውን ያነቃንቁታል ብለው፣ አውራ ጣት የሚወፍር ጥቁር የጎማ ምንጣፍ አስመጥተው ከኩባያው ሥር አንጥፈዋል። በሩ ላይም "በዝግታ ይራመዱ" የሚል ለጥፈዋል። እንዲህ ተጠንቅቆ የተለካን ነገር ማን ይጠረጥራል?

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እሷ ዞረ። አሥራ ሁለቱ ዲግሪ የት ሄደ? በወሩ መጨረሻ ፈተናዋ ነው። እስከዚያ ወይ ምክንያቱን ታስረዳለች፣ ወይ ስሌቷን ከልኬቱ ጋር ታስማማለች፣ ወይም ዓመቱን ትደግማለች። መድገም ደግሞ አይታሰብም፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሰጣት ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ ከዚያ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

በየማለዳው ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። እኔ ሻይ አስቀምጥላትና አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ቁጥሩ ባይገባኝም መቀመጡ ይገባኛል። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። ከቁጥሮቹ መካከል አንዷን፣ ቀልጠው ሲቀላቀሉ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚዋደዱ የምትናገረዋን፣ ትንሽ ብገፋት አሸንዳው ወርዶ መቶ ሃያ ሰባት ላይ ቁጭ ይላል። ታዲያ ለምን አትገፊያትም አልኳት።

"አጭር ብርድ ልብስ ነዋ" አለች። "እግሬን ስሸፍን ራሴ ይገለጣል። እሷን ስገፋ፣ ክንፎቹ ከቦታቸው ይለቃሉ። ደግሞ ቁጥሯን ያገኘሁት ሌሎች ሰዎች ሙቀቱን ለክተው ካስቀመጡት ነው፤ ከኪሴ አላወጣኋትም።"

በዚሁ ሰሞን ነው አንድ ሐሳብ የመጣላት። ብረቱ በሌላ ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ ይለካና ይታይ አለች። አማካሪዋም ፈቀዱ። የታሰበው ቤት የእኔ ማቅለጫ ቤት፣ የታሰበው እጅ የእኔ እጅ ነው። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ እግር ሴት፣ ኩባያውን፣ ንጹሑን ብረትና ጥሩውን ቴርሞሜትር በሣጥን ይዛ ከባለቤቴ ጋር መጣች። የሥራ ባልደረባዬ መዶሻ ካፖርቷን ሲያይ "ሲስተር" ብሎ ሰየማት፣ ስሙም በዚያው ቀረ። መዶሻን መዶሻ ያልነው በመዶሻው አይደለም። የጀመረውን ቀልድ ሚስማሩ እስኪጠልቅ ስለማይተው ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ።

እኔ አንድ ልማድ አለኝ። የቀለጠው ብረት ከእሳት ወርዶ ሲቀዘቅዝ፣ ሊረጋ ሲቃረብ፣ በቀጭን የብረት ዘንግ የኩባያውን ጎን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ፤ በስምህ እላለሁ በልቤ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። መዶሻ ይህን ሲያይ አንድም ቀን አልፎት አያውቅም። እኔ ሳንኳኳ እሱ ከወዲያ ማዶ፣ በትልቅ ቤት አሽከር ድምፅ "ይግቡ!" ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ "ይግቡ" ብሎኛል።

ልማዱን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ ብረቱ አንዳንድ ቀን መርጊያው ደርሶ ውሃ ሆኖ ይቆያል፤ ቴርሞሜትሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እሱ ግን ወይ ፍንክች። እንዲህ ዘግይቶ የረጋው ደግሞ ቡሎኑ ውስጥ ሸካራ ሆኖ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ኩባያውን አፍጥጬ ሳየው፣ የጎረቤቱ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ግድግዳችንን ገጨው። ቤቱ ተናወጠ። በዚያች ቅጽበት ኩባያው ውስጥ ያለው ሁሉ መርጋት ጀምሮ ደበዘዘ፤ የቴርሞሜትሩም መርፌ ዘሎ ሽቅብ ወጣ፣ እዚያው ቆመ። ተኝቶ ነበር፣ አልኩ በልቤ፤ ሰዓቱ አልፎበት፣ ቀስቃሽ አጥቶ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳዬን በመኪና ከማስገጭ በዘንግ ማንኳኳት ይሻላል አልኩ። ለማንም አላስረዳሁም። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ገና ሙሽራ ሳለች ለጉብኝት መጥታ ሳንኳኳ አይታኝ፣ "ይሰማሃል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ የፍቅር ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት አንኳኩቼ አላውቅም።

ያን ዕለትም ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ከጧት ጀምሮ ወለሉን አስጠረግሁ። መዶሻን ሸሚዝህን ቆልፍ አልኩት። ማሽኑ ይጥፋ፣ ቅጥቀጣ ይቁም፣ ሬዲዮውም ዝም ይበል አልኩ። ጎማ ጠጋኙን ሳይቀር ለግማሽ ሰዓት እንዲታገሠን ለመንኩት። ብረቱን አቀለጥኩ፣ ኩባያውን በእርጋታ አወረድኩ፣ ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ባለቤቴን በሰው ፊት በመሃይም ልማድ አላሳፍርም፣ በሳይንስ ቤት አይንኳኳም፣ ብዬ ነው። ቤቱ ያን ያህል ጸጥ ብሎ አያውቅም። መቶ አርባ። መቶ ሠላሳ አምስት። መቶ ሠላሳ። ላዩ ደበዘዘ። ሲስተር ደንቧ እንደሚያዘው፣ የሚረጋው ብረት ይዞ እንዳያስቀረው ወዲያው ቁጥሩን ጽፋ ቴርሞሜትሩን አወጣች።

"መቶ ሃያ ስምንት" አለች።

ባለቤቴ "እሺ" ብቻ አለች። እኔ ያን "እሺ" አውቀዋለሁ። እናቷ የታመሙ ዕለት ስልክ ላይ ያለችው እሺ ነው። ሲስተር፣ ጋሼ፣ ኩባያው ትኩስ ነውና ዕቃውን ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ ብላ አደራ ሰጠችኝ፤ ሁለቱም ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ መዶሻ ሸሚዙን ፈታ።

"ስማ" አለኝ፣ "አሥራ ስምንት ዓመት አንኳኩተህ የገባህበትን ቤት፣ ዛሬ ምን አግኝተህ ነው እንደ ሌባ ዝም ብለህ የገባኸው? እኔ እኮ 'ይግቡ' ልል አፌን ከፍቼ ቀረሁ።"

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ንጹሕ ብረት፣ አዲስ ኩባያ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ በዝግታ ይራመዱ። ቀስቃሽ የሌለው ቤት። እኔም ቤቴን በገዛ እጄ እንደዚያ ቤት አድርጌ፣ በባለቤቴ ላይ በሐሰት መሰከርኩ።

ተነስቼ ምድጃውን ለኮስኩ። ያንኑ ብረት በዚያው ኩባያ መልሼ አቀለጥኩት። መጀመሪያ ሳላንኳኳ፤ መቶ ሃያ ስምንት ላይ ደበዘዘ፣ እኔ ግን ቴርሞሜትሩን አላወጣሁም። መርፌው ዘሎ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ወጣ፣ ቆመ። ደግሜ አቀለጥኩ። አሁን መቶ ሠላሳ ስምንት ሲደርስ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መዶሻ በዝቅታ፣ እንደ መሐላ፣ "ይግቡ" አለ። መርፌው አንድ ዲግሪ ወጣና መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቁጭ አለ፤ እስኪረጋ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ ሳላንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ እያንኳኳሁ ለካሁ። ወረቀት አላገኘሁም፤ የሚስማር ካርቶን ቀድጄ በእንጨት ሠሪ እርሳስ ጻፍኩት።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልገባችም። እሷ ጠረጴዛው ላይ ናት። አዲስ ሥዕል ስላለች፤ አሸንዳው መቶ ሃያ ሰባት ላይ ነው፣ ክንፎቹ ተንጋደዋል። ገፋኋት፣ አለችኝ። ቁጥሯን ማለቷ ነው። ነገ አስረክባለሁ፤ ሃያ ዓመት ልጆቹን መልሱን አይታችሁ ወደ ኋላ አትሥሩ ስል ኖሬ፣ እኔ መልሱን አይቼ ወደ ኋላ ሠራሁ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ካርቶኑን ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኩላት።

አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ጀርባው ላይ ያለው የሚስማር ቁጥር ብቻ ነው። መልሳ አነበበችው። እኔም በአንደበቴ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ መኪናውን፣ ግድግዳውን፣ እንቅልፉን፣ ዘንጉን። ለምን ዛሬ እንዳላንኳኳሁም ሳልደብቅ ነገርኳት። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ወሬ አውርቼ አላውቅም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታውቀው?" አለች።

"አሥራ ስምንት ዓመት ይሆናል።"

"አሥራ ስምንት ዓመት!" አለች። "አሥራ ስምንት ዓመት ከአጠገቤ ተኝተህ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ አንድ ወር ሙሉ ራሴን ከግድግዳ ሳጋጭ፣ አንተ ሻይ ታስቀምጥልኛለህ?"

"ግድግዳ ከተገጨማ ብረቱ መንቃት ነበረበት" አልኳት።

ተቆጥታ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ሳቁ ቀደማት። ከዚያ በአንድ ጊዜ መምህርቷ ተመለሰችባት። እንቅልፍ ያልከው እንቅልፍ አይደለም አለችኝ። ድግስ ቤት ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሁሉም መጨፈር እየፈለገ የመጀመሪያው እስኪነሳ ተቀምጦ እንደሚተያየው ነው። መርጋትም ጀማሪ ይፈልጋል፤ አንዲት ፍሬ የምታህል የረጋች ነገር፣ ሌላው የሚለጠፍባት። ንጹሕ ብረት ጸጥ ባለ ቤት ጀማሪ ያጣል። የሚዘለውም፣ ሲረጋ ያፈነውን ሙቀት በአንዴ ስለሚለቅ ነው። የእኔ ስሌት የሚናገረው ለብረቱ የሚቀለውን ኑሮ ነው፤ ከዚያ ኑሮ መቼ እንደሚነሳ ግን አይናገርም። እያለች እያለች የተንጋደደውን ሥዕል ለአራት ቀደደችው። ብርድ ልብሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በማግሥቱ ለአማካሪዋ ነገሩን ባጭሩ ነግራ፣ ኩባያውና ምድጃው ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ይግባልኝ አለች። እሳቸውም፣ ምንጣፉም ይምጣ አሉ።

የፈተናዋ ዕለት አዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ በተርታ ተቀመጥን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ እህቷ፣ ኮት የተዋሰ መዶሻ። ሲስተር ምድጃው ጋ ቆማለች። ከፊት አማካሪዋና ሁለት ፈታኞች። አንደኛዋ ከሌላ ተቋም የመጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ተማሪ ሲናገር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አለመተኛታቸውን ያወቅሁት እኔም እንደዚያው ስለምሰማ ነው።

ባለቤቴ ሣህኖቹን፣ ማስመሪያውን፣ አሸንዳውን አስረዳች። ድምፅዋ የክፍል ድምፅዋ ነው፤ ኋላ ያለውን ሰነፍ ሳይቀር የሚቀሰቅስ። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ይህን ሁሉ ከራሷ ነው የምታወጣው አለኝ። ዝም በል፣ ስማ አልኩት።

አሥራ ሁለቱ ዲግሪ ላይ ስትደርስ ትልቋ ፈታኝ ዓይናቸውን ገለጡ። "ስሌትሽን ለምን ከልኬቱ ጋር አላስማማሽውም?" አሏት። "ብዙዎች ያደርጉታል።"

"አድርጌው ነበር" አለች ባለቤቴ። "አንድ ቀን። ልኬቱ እውነት፣ የእኔ ቁጥር ውሸት መስሎኝ። ግን ልኬቱም አልዋሸም። እኛ ነን ግማሹን ሰምተን የተነሳነው።"

ሲስተር ኩባያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፤ የቴርሞሜትሩ ቁጥር በትልቁ ግድግዳ ላይ ይታያል። መቶ ሃያ ሰባት ላይ ደበዘዘ። ሲስተር ቴርሞሜትሩን ልታወጣ እጇን ሰደደችና ራሷን ገታች። ቁጥሩ ዘለለ፤ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። አማካሪዋ ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ሁለት ሦስት ዲግሪ እንደሚዘገይ አውቃለሁ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "አሥራ ሁለት ግን... በገዛ ምንጣፌ አስተኝቼዋለሁ።" ያን በተማሪዎቻቸው ፊት መናገራቸውን እስከ ዛሬ አከብርላቸዋለሁ።

ትልቋ ፈታኝ መነጽራቸውን ሽቅብ ገፉ። ይህን ማን አሳየሽ አሉ። ባለቤቴ ዞራ ወደ ኋላ አየች።

"ባለቤቴ ነው። እዚያ የተቀመጠው። ብረት አቅላጭ ነው፤ ከእኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቀድሞ ያውቀዋል። በጽሑፌም ውስጥ እንደዚያው ነው ያሰፈርኩት።"

ወንድሜ ነው ብብቴን ይዞ ያስነሳኝ። ይቅረቡ አሉኝ። ሲስተር ብረቱን መልሳ አቅልጣ አወረደችው። ዘንጌን አላመጣሁም ነበር፤ መዶሻ ከተዋሰው ኮት ውስጥ መዝዞ አቀበለኝ። ፈታኟ፣ ምን ያህል አጥብቀው ነው የሚመቱት አሉኝ፣ ብዕራቸውን አዘጋጅተው።

"የሰው ቤት እንደሚያንኳኩት ነው፣ እመቤቴ" አልኩ። "ባለቤቱን ለማስደንገጥ አይደለም። ለማስነሳት ያህል።"

እንደተናገርኩት ጻፉት። መቶ ሠላሳ ስምንት ሲል፣ ባለቤቴ እያየችኝ፣ በስምህ ብዬ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በዚያ ሁሉ ምሁር ዝምታ መካከል፣ ከኋላ ወንበር፣ መቆጣጠር ያቃተው አንድ ድምፅ መጣ።

"ይግቡ።"

መጀመሪያ የሳቁት ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ፈታኝ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዲግሪ ወጣና መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ተቀመጠ። ሰው ስቆ እስኪያበቃ፣ ብረቱ እስኪረጋ፣ እኔና ባለቤቴ ተያይተን እስክንጨርስ፣ ከዚያች ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

አለፈች። ያለፈችበትን ማዕረግ ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ለሰፈሩ አዳርሶታል፤ እህቷም ከልጆች ጋር ወንበር የተጋፋሁት እኔ ነኝ ብላ ልትከራከር ምንም አልቀራት። ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ክፍሏ ተመለሰች። ከጽሑፏ ውስጥ ሙከራው የተገለጸበትን አንድ ገጽ አስነብባኛለች፤ "ኩባያው ሦስት ጊዜ በዘንግ ይንኳኳል" ይላል። በስምህ የሚለውን አላስገባችውም። እሱ የእኔና የፈጣሪዬ ነው።

አማካሪዋ ምንጣፉን ጠቅልለው ለማቅለጫ ቤታችን ላኩልን። በራችን ላይ ነው ያነጠፍነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን ይጠርግበታል፣ ከዚያ ያንኳኳል። መልሱን የሚሰጠው መዶሻ ነው።